አያ ጫቅሉ የጠረጉት መንገድ

የአያ ጫቅሉን ሞት የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ነሐሴ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ጋብ ብሏል። ግቢዬ ውስጥ የተኛውን ውሃ በአካፋ እየከፈትሁ ሳለ የባጃጅ ድምፅ ሰማሁ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ኮፍያውን አወለቀ። ኮፍያውን ሲያወልቅ ገባኝ።

«አያ ጫቅሉ አረፉ» አለኝ። «ኮኪት፣ ልጃቸው ቤት። ሬሳው ዛሬውኑ ይመጣል፤ ለሰው ንገሩልኝ ብላለች።»

አለቀስሁ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አብረን አለቀስን። ነገሩን ልብ ያልሁት ቆየት ብሎ፣ እንባዬን ጠርጌ ስቀመጥ ነው። በነሐሴ ወር ከኮኪት ከተማ ባጃጅ መጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ለሰው ባወራ ይሳቅብኝ ነበር። ክረምት ከገባ እኛ ሰፈር የሚደርሰው ትራክተር ብቻ ነበር፤ እሱም ከቀናው ነው። መርዶ እንኳ ከወንዙ ማዶ ቆሞ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቅ ነበር።

እኔ የሰፈራችን ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ባሌ ታከለ ከሞተ ወዲህ ብዙ ጊዜ ለመጻፍ ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። የእሱን ገና አልቻልሁም። የአያ ጫቅሉን ግን ቀስ እያልሁም ቢሆን ልጨርሰው።

አያ ጫቅሉ ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከደረታቸው ይደርሳል። አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ ፎጣ አለ። ከወገራ የወረዱት በጉብዝናቸው፣ ሰሊጥ ሊያርሙ ነው። እኛ ዘንድ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ ሳሉግ እንለዋለን። እሳቸውም ሳሉግ ሆነው መጥተው በዚያው ቀሩ። ትራክተር መንዳት ያስተማራቸው አንድ ሱዳናዊ መካኒክ ነው። በዚህ የተነሳ ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከሞተር ጋር በዐረብኛ ይነጋገሩ ነበር። ሞተሩ አልነሳ ሲል «ያላ!» ይሉታል። ሥራ ሲያልቅ እጃቸውን በፎጣው ይጠርጉና «ኸላስ» ይላሉ፤ በቃ፣ አለቀ ማለታቸው ነው። እርሻ ታርሶ ሲያልቅ ኸላስ፤ ከተሳቢው ላይ የመጨረሻው ጆንያ ሲወርድ ኸላስ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከእሳቸው ለምዶት፣ ተማሪዎቼም ጽፈው ሲጨርሱ ደብተራቸውን እያጠፉ «ቲቸር፣ ኸላስ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ከደጋ ይዘውት የመጡት ነው። በአባታቸው አገር እንግዳ ይመጣል ሲባል ከደጅ አንስቶ እስከ ዋናው መንገድ ይጠረጋል፤ ድንጋዩ ይለቀማል፣ እሾሁ ይነሳል። ቆላ ከወረዱም በኋላ አልተዉትም። እዚህ የሚለቀም ድንጋይ የለም፤ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። በክረምት እንደ ሊጥ ይይዛል፤ በበጋ ደርቆ፣ ትራክተር የማሰው ጎድጓዳ እንደ ጉድባ ቀርቶ ይጠብቃል። አያ ጫቅሉ ታዲያ ሠርግ ሲኖር ከትራክተራቸው ኋላ አንድ ትልቅ ግንድ ያስሩና መንገዱን እየጎተቱ ያለሰልሱታል። የሙሽራዋ መኪና እንዳይንገጫገጭ ነው። የሚከፍላቸው የለም። እኔን ታከለ አግብቶ ከኮኪት ሲያመጣኝም መንገዱ እንደዚያው ተጠርጎ ነበር። መኪናው ውስጥ ሆኜ፣ ቆላ መንገዱ መጥፎ ነው ያሉኝ ሁሉ ዋሽተውኝ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ሐምሌ ሲመጣ እውነቱን አየሁት።

ከኮኪት ወደ እኛ ሲመጣ መሐል ላይ ቀይ ኮር አለ። ኮር የምንለው በበጋ አሸዋ ብቻ ሆኖ በክረምት የሚሞላውን ወንዝ ነው። በጥር ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በሐምሌ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ይወስዳል።

አንድ ዓመት ሰሊጡ ተሸጦ ሰዉ እፎይ ባለበት ሰሞን፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሙላት ስብሰባ ጠራ። ፌዴራል መንግሥት ለገጠር መንገድ ድጋፍ መድቧል አለ። አብዛኛውን ወጪ ፌዴራል ይሸፍናል፤ ክልሉ ይጨምርበታል፤ ሕዝቡ መሬትና ጉልበት ያዋጣል። መንገዱን አይተው የሚመርጡ ባለሙያዎች ይመጣሉ፤ በደንብ እንቀበላቸው አለ። በምን እንደሚመርጡ የነገረን የለም። እኛም አልጠየቅንም። እኛ የሰማነው እንግዳ ይመጣል የሚለውን ነው።

አያ ጫቅሉ ተነሱና «እንግዳ ከመጣ መንገድ ይጠረጋል» አሉ።

ማንም «ለምን?» አላለም። ሰዉ በሙሉ አካፋና ዶማ ይዞ ወጣ። እኔም ትምህርት ሳበቃ ወጣሁ፤ ታከለም ከእርሻው እየተመለሰ ይመጣ ነበር። ጎድጓዳው ተሞላ። ኮሩ ውስጥ መውረጃውና መውጫው ተደልድሎ በአሸዋ የተሞላ ጆንያ ተደረደረበት። አያ ጫቅሉ ግንዳቸውን አስረው ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይወርዱና በእግራቸው እየረገጡ ያያሉ። ሲጨርሱ ፎጣቸውን አወለቁና «ኸላስ» አሉ። መንገዱ እውነትም የአስፋልት ወንድም መስሎ ነበር።

ባለሙያዎቹ በነጭ መኪና መጡ። ከመሐላቸው አንዲት ወጣት መሐንዲስ ነበረች። መኪናው እየሄደ በወረቀት ላይ ትጽፍ እንደነበር ቆይታ በሳቅ ነገረችን፤ ፊደሏ አልተበላሸም። ፍየል ታረደ፤ በሉ፣ ጠጡ። ስትሄድ የሁላችንንም እጅ ጨበጠችና «መንገዳችሁ በጣም ጥሩ ነው» አለች። አጨበጨብን። እንዴት እንዳጨበጨብን ሳስበው አሁንም እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል።

ከፋሲካ በኋላ ሙላት እንደገና ሰበሰበንና መልሱን ነገረን። የእኛ መንገድ በደህና ይዞታ ላይ ስለሆነ፣ ድጋፉ መንገዳቸው ለከፋ ሌሎች ቀበሌዎች ተሰጥቷል። አንዱ ከኋላ ሳቀ፤ ሳቁ ዞረ፤ አያ ጫቅሉም ሳቁ። ኮኪት ገበያ ስንወርድ ነገሩ ቀድሞን ደርሷል። «በጀት ጠራጊዎች መጡ» ይሉናል። አያ ጫቅሉን ደግሞ አንዱ ነጋዴ «አያ፣ የእኔንም ደጅ ጥረጉልኝ፤ ግብር የሚያስከፍሉኝ ሰዎች ይመጣሉ» አላቸው። «ለአንተስ መጥረጊያም አይበቃ» ብለውት አለፉ። ያን ጊዜ ገና መሳቅ ይቻል ነበር።

በዚያው ክረምት፣ በሐምሌ፣ ታከለ ሆዱን አመመው። መጀመሪያ ቀላል መስሎን ነበር። ሲነጋ ቀጥ ብሎ መቆም አቃተው። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ሆዱን ነክታ ፊቷ ተለወጠ፤ ትርፍ አንጀት ሳይሆን አይቀርም፣ አሁኑኑ ሆስፒታል አድርሱት አለችኝ። አያ ጫቅሉ ትራክተራቸውን አስነስተው መጡ። ተሳቢው ላይ ፍራሽ አነጠፍን፤ በላዩ ሸራ ወጠርን። ዋልካው ውስጥ እየተንሸራተትን፣ እየቆምን፣ እያስገፋን ኮሩ ጋ ደረስን።

ኮሩ ሞልቷል።

ስልክ ተደውሎ ስለነበር አምቡላንሱ ከማዶ ደርሶ ቆሟል። ነጩ ይታየናል። ሹፌሩ ወርዶ ከዳር ወዲያና ወዲህ ሲል እናየዋለን። ቅርብ ነው። በበጋ ቢሆን ልጅ ሮጦ የሚደርስበት ነው። አያ ጫቅሉ ገመድ ወገባቸው ላይ አሰሩና ሰዎች ጫፉን ያዙላቸው፤ በበትር እየለኩ ገቡ። ውሃው ደረታቸው ደረሰ፤ አንገዳገዳቸው። ተመለሱ። ሌላ ቦታ መርጠው እንደገና ገቡ። ታከለ ከሸራው ሥር ያያቸዋል። እጄን ያዝ አደረገና ቀና አለ።

«አያ ጫቅሉ፣ ይውጡ» አላቸው። ድምፁ ደክሟል፤ ግን ሰሙት። «አንቱ ከሞቱማ እሷን ማን ይመልሳታል?»

ወጡ። ከዚያ በኋላ አልገቡም። ውሃው ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቆሙ። ውሃው መጉደል የጀመረው ወደ ማታ ነው፤ ታከለ ከዚያ በፊት ዐረፈ። አምቡላንሱ ትንሽ ቆይቶ ዞረና ሄደ። አያ ጫቅሉ ትራክተሩን አስነስተው መለሱን።

ለቅሶው ላይ ከዳሱ ውስጥ አልገቡም። በር ላይ፣ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ግቡ ሲሏቸው «እዚሁ ይሻለኛል» ይላሉ። ሰዉ ሁሉ ከተበተነ በኋላ አንድ ቀን ብቻቸውን መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

«እታለም፣ መንገዱን የጠረግሁት እኔ ነኝ» አሉኝ።

«ሁላችንም ነን አያ። እኔም አካፋ ይዣለሁ፤ እሱም ይዟል።»

«እናንተ አካፋ ይዛችኋል። ጥረጉ ያልሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ብለው ወጡ፤ መልስ ፈልገው የመጡ አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ለሠርግ መንገድ ሲጠርጉ አላየሁም። ግንዱ አጥራቸው ላይ ተደግፎ ቀረ፤ ምስጥ እየበላው ሲያጥር አየዋለሁ። ኸላስ የምትለዋን ቃልም ከአፋቸው አጣኋት። እርሻ ጨርሰው ሲወርዱ እጃቸውን ጠርገው ዝም ብለው ይሄዳሉ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ድጋፉ ለሁለተኛ ዙር መምጣቱ ተሰማ። አሁን በምን እንደሚመረጥ አውቀናል። ሙላት በስብሰባው ላይ ብልሃት ይዞ መጣ። ጥር ሲደርስ፣ ባለሙያዎቹ ሳይመጡ፣ መንገዱን በትራክተር ዲስክ ማረሻ እናርሰው አለ። መኪናቸው ሲሰበር ያኔ ይገባቸዋል አለ። ሰዉ ሳቀ፤ ብዙዎች እጃቸውን አወጡ። የእኔም እጅ ወጥቶ ነበር። እልህ ይዞኛል።

አያ ጫቅሉ ተነሱ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው።

«ያን ጊዜ ደህና አስመስለን አሳየናቸው። አሁን ደግሞ ክፉ አስመስለን ልናሳይ ነው። መንገዱን ራሱን የምናሳየው መቼ ነው?»

«እና ምን ይደረግ አያ?» አለ ሙላት።

«አንጠርገውም፤ አናርሰውም። በሐምሌ ይምጡ።»

ሳቁ ከበፊቱ በለጠ። በሐምሌ ማን ይመጣል? ቢሮ ያለው ሰው ቆላ የሚወርደው አፈሩ ደርቆ፣ ትንኙ ቀንሶ ነው። እሳቸው አልሳቁም። ውሃው ጎደል ባለ ቁጥር ኮሩን እየተሻገሩ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ የዞኑ ቢሮ ድረስ መመላለስ ጀመሩ። አንድ ጊዜ እኔም ለደመወዝ ጉዳይ ስሄድ አብሬያቸው ሄድሁ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። የበሩ ጥበቃ «አባት፣ ቧንቧው እዚያ ነው፤ እግርዎን ታጥበው ይግቡ» አላቸው። «ከታጠብሁትማ ምን ላሳያቸው ነው የመጣሁት?» አሉት። ጥበቃው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት አስገባን።

ውስጥ ያለው ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመ ሰው ነው። የጉብኝቱ ጊዜ ከላይ እንደሚወሰን አስረዳቸው። አያ ጫቅሉ በትሕትና አዳምጠው ሲያበቁ «ላይ ቤት ክረምት አይገባም?» ብለው ጠየቁት። ጥግ ላይ ጠረጴዛ ይዛ የተቀመጠች ሴት ቀና አለች። ያቺ መሐንዲስ ናት። የየትኛው ቀበሌ ሰዎች እንደሆንን ጠየቀች፤ ነገርናት።

«ያ ቆንጆ መንገድ?» አለች።

«አዎ ልጄ» አሉ አያ ጫቅሉ። «ያ ቆንጆው።»

እግራቸውን አየች። ወለሉ ላይ የረገጡበት ሁሉ በጥቁር ጭቃ ታትሟል። የቀበሌያችንን ስም ወረቀቷ ላይ ጻፈች። በሐምሌ፣ አለቆቿን እንዴት እንዳስፈቀደች አላውቅም፣ ኮኪት መጣች። አያ ጫቅሉ ውሃው ጎድሎ ስለነበር ተሻግረው በተሳቢ ይዘዋት መጡ። መንገዱን እንዳለ ነው ያሳዩዋት፤ አላባባሱም፣ አላቃለሉም። ትራክተሩ ሜዳው ላይ ሲሰምጥ ወርዳ ከእኛ ጋር ገፋች። አንድ ጫማዋን ዋልካው ዋጠው፤ ፈልገን አጣነው። ስትመለስ ላይኛው አገር ዘንቦ ኮሩ ሞልቶ ጠበቃት። እሷም እንደ እኛ ዳር ላይ ቆማ፣ በኋላ ተሳቢው ላይ ተቀመጠች። እኔ የመጣሁት አያ ጫቅሉ ስላስጠሩኝ ነው፤ እንግዳዋ ሴት ናት፣ ብቻዋን ከወንድ ጋር አትሁን ብለው። ተሻግሬ አልፌ አውቃለሁ፤ ታከለ ካለፈበት ቀን በኋላ እዚያ ቦታ ስቆም ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ለረጅም ጊዜ ውሃውን ስታይ ቆየችና «በዚህ ምክንያት ሕይወቱ ያለፈ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። መጠየቅ ሥራዋ ነው።

አያ ጫቅሉ ቢሮው ድረስ ያን ሁሉ ሲመላለሱ የታከለን ስም አንድ ቀን አንስተው እንደማያውቁ የገባኝ ያኔ ነው። ያቺን አንዲት ቃል ቢናገሩ ነገሩ ይቀልላቸው ነበር። ፎጣቸውን ከአንገታቸው አወረዱና እጃቸው ላይ ጠቀለሉት።

«እሱ የእሷ ነው» አሉ። «ከፈለገች እሷ ትንገርሽ።»

ውሃው ይጮኻል። ማዶውን አየሁት፤ አምቡላንሱ ቆሞበት የነበረውን ቦታ። «ባሌ ነው» አልኋት። «ታከለ ይባላል። እዚሁ፣ አንቺ የተቀመጥሽበት ተሳቢ ላይ ነው።» ከተሳቢው ልትወርድ ተነሳች፤ እጇን ይዤ መልሼ አስቀመጥኋት። አያ ጫቅሉ ፊታቸውን ወደ ትራክተሩ አዙረው የሌለ ብሎን ሲያጠብቁ ነበር።

ድጋፉ ተፈቀደ። የመንገዱ ወሰን ሲለካ ሰሊጡ ታጭዶ ሂላ ሆኖ፣ ማለትም ነዶው ቀጥ ብሎ ተደግፎ ለመድረቅ ቆሞ ነበር። መሬታቸውን ለመልቀቅ ያቅማሙ ነበሩ። አያ ጫቅሉ የራሳቸውን ሂላ በገዛ እጃቸው ቀድመው አነሱ፤ ሌላውም ተከተለ። ጠጠር ከሩቅ በገልባጭ መኪና መጣ። ቀይ ኮር ላይ የሚሠራው ድልድይ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ጸጥታው ደፈረሰና ሠራተኞቹ ሄዱ፤ ማሽኖቹም ተወሰዱ። አንድ ክረምት ሙሉ የብረቱ ዘንጎች ውሃው ውስጥ ቆመው ከረሙ። አያ ጫቅሉ ብረቱን ሰው እንዳይነቅለው በየቀኑ እየሄዱ ዳር ላይ ይቀመጡ ነበር። ሙላት «ማን ሾሞዎት ነው አያ?» ቢላቸው «አንተ ካልሻርኸኝ በቃ» አሉት። ሰላሙ መለስ ሲል ሠራተኞቹም ተመለሱ፤ ድልድዩም አለቀ።

የተመረቀ ዕለት ሰዉ ሁሉ ድልድዩ ላይ ቆሞ ሲጨፍር እሳቸው ከዳር ነበሩ። አንዱ ጎረምሳ «አያ ጫቅሉ፣ አሁንስ ኸላስ በሉና!» አላቸው። ፈገግ ብለው «ክረምት ይለፍበትና እንነጋገራለን» አሉ።

ዘንድሮ ነው የታመሙት፤ ልባቸው ነው አሉ። በሐምሌ መጨረሻ ወደ ልጃቸው ሲሄዱ የወሰዳቸው ይሄው መርዶ ያመጣልኝ ባጃጅ ነው። ያን ቀን ምን እንደሆነ ሹፌሩ ግቢዬ ውስጥ ቆሞ ነገረኝ። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ አቁም አሉት። እየዘነበ ነው፤ ኮሩ ከሥር ሞልቷል። ደግፎ አወረዳቸው። የድልድዩን ግንብ ይዘው ውሃውን አላዩም አለኝ፤ ያዩት ወዲህኛውን ዳር፣ ድሮ ትራክተር ቆሞ ውሃው እስኪጎድል ይጠብቅበት የነበረውን ቦታ ነው። ቆዩ። እጃቸውን በፎጣው ጠረጉ። «ኸላስ» አሉ አለኝ። «ምኑ ነው ያለቀው አያ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ መልሰው ባጃጁ ውስጥ ገቡ።

ሹፌሩ ይህን ነግሮኝ ሲሄድ ወደ ሰፈሩ ወጣሁ። ሬሳው ከሰዓት እንደሚደርስ ለሁሉም ነገርሁ። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ አካፋዬን አንስቼ ወደ ኮሩ ጉዞ ጀመርሁ። ዞር ስል ሙላት ከኋላዬ አለ፤ ዶማ ይዟል። ከእሱ ኋላ ሴቶች መጥረጊያ ይዘው ይመጣሉ፤ ከዳር ቅጠል ቆርጠው የጨበጡም ነበሩ። መንገዱ መጠረግ አያስፈልገውም ነበር፤ ጠጠሩ ደህና ነው። ቢሆንም ጠረግነው። ውሃ የቋጠረውን ከፈትን፤ ከብት የጣለውን አነሳን። ድልድዩ ላይ ትራክተሮች ያራገፉትን ዋልካ ሲሚንቶው እስኪታይ ድረስ ፋቅነው።

ሬሳውን የጫነው አይሱዙ ከማዶ ብቅ ሲል አካፋዎቻችንን ይዘን ዳር ቆምን። ሹፌሩ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሳጥኑ አልተነቃነቀም። ታከለ ባረፈበት ቦታ በኩል አልፎ ሲሄድ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከኋላው ተከተልሁ። ኮሩ ከእግራችን በታች ሞልቶ ይጮህ ነበር።